የአባባን በረት መሸጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 1፡20

ዛሬም ሻይ ሳልጠጣ ልወጣ ነው። ደላላው ግርማ ከነጋ ሦስት ጊዜ ደወለ። በ10 ሰዓት ሁለት ገዢ ይዞ ይመጣል። ቤቱን አጽጂልኝ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ አባትሽን ደግሞ በማርያም ይዤሻለሁ ቤ/ክ ላኪልኝ አለ። እኛ ጴንጤ መሆናችንን ያውቃል፤ ሲጨንቀው ይረሳዋል። አልፈርድበትም። እስካሁን ያመጣቸውን አራት ገዢዎች ያባረራቸው አባባ ነው።

ማባረር እንኳ አይባልም። ያስጎበኛቸዋል። ደብተሬ፣ አንተ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ስለምትኖር ብርቅ አይሆንብህም፤ ለእንግዳ ሰው ግን ቤታችን ረጅም ነው። በጣም ረጅም። ሀና ማርያም ገና ሜዳ ሳለች አሥራ ሁለት የፈረንጅ ላም ጎን ለጎን የሚታሰርበት በረት ነበር። ፉርሽካ ሲወደድና ጎረቤት በእበቱ ሽታ ሲማረር አባባ ላሞቹን ሸጠ፣ ግድግዳ አስገባ፣ ቀለም ቀባ፣ ገባንበት። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ማዕድ ቤት፣ ሁሉም በአንድ መስመር።

ገዢ ሲመጣ አባባ በር ላይ ይቀበላል። ሳሎኑ የዳልቻና የሻሼ ቦታ እንደነበር ያስረዳል። የእኔ መኝታ የቡሬ፤ ተራጋጭ ነበረች። መታጠቢያ ቤቱ የጥጆቹ። ሰዎቹ ሱሪያቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ቀጥሎ ወለሉ። ሽንት እንዲወርድበት ተብሎ አዘንብሎ የተሠራ ነው። ግርማ ይህችን እንዳናነሳት ለምኖናል። አባባ ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፤ ብርቱካኑ ብቻውን ግድግዳው ድረስ ይሄዳል። ይኸው አያችሁ ይላቸዋል።

ታክሲ እንዳያመልጠኝ።

ያው ቀን። ማታ 12፡40

ከመ/ቤት አስፈቅጄ ደረስኩ። መጡ፣ ሄዱ። ቤቱን ዞረውም አላዩት። ግቢውን በእርምጃ ለኩ። አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ። አባባ ስለ ዳልቻ ሲነግራቸው አንደኛው ስልኩን ይነካካል። በመጨረሻ አባባ መቼ መጥታችሁ ታድራላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ግርማ ኮፍያውን አውልቆ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። "ማርቲ፣ እኔ ቤት ነው የምሸጠው ወይስ አልጋ የማከራየው?" አለኝ። ሳቅሁ። አንጀቴንም በላኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ምሳ ሰዓት፣ መ/ቤት

የማደሩን ነገር ለግርማ ዛሬ በስልክ አስረዳሁት። በአባባ አገር፣ በሆሳዕና በኩል፣ ደህና ላም የሚገዛ ሰው ጡቷን አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ሻጩ ቤት ይመጣል። ማታ ስትታለብ ያያል። ያድራል። ጠዋትም ስትታለብ ያያል። አጭበርባሪ ሻጭ አንድ ቀን ሳያልባት ስለሚያውላት፣ ጡቷ ግጥም ብሎ ይታያል። አባባ አሥራ ሁለቱንም የሸጠው እንደዚያ ነው፤ ገዢዎቹን እዚሁ እያሳደረ። ቤትም ያው ነው ይላል። አድሮ ላልነጋበት ሰው አይሸጥም። ካርታው በስሙ ነው፤ ምን ይባላል?

ወንድሜ ዮናስ ሲሰማ ጮኸብኝ። እኔ ነኝ እንዴ ደንቡን ያወጣሁት? ዘንድሮ ለዘመን መለወጫ ተሰብስበን ተስማማን። በረቱ ይሸጣል፣ አባባ ለቡ መብራት ኃይል ዮናስ ጋ ይገባል፣ ምድር ቤት ክፍል ተዘጋጅቶለታል። እኔ አርፋለሁ። ሁሉም የሚለኝ ይህን ነው፤ አንቺም እስቲ ትንሽ እረፊ። እማማ ከሞተች ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በረት ውስጥ የቀረሁት ለአባቴ ብዬ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቤ/ክ ውስጥ እናቶች እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው የሚመርቁኝ በዚህ ነው። እኔም ምን ላድርግ፣ አባቴ አይደል እላለሁ። አንገቴን ደፍቼ። ደስ ይለኛል ሲመርቁኝ፣ ልዋሽህ አልችልም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት

ብስራተ ገብርኤል ለእኔ የሚሆን የሚከራይ ቤት አየሁ። አንድ መኝታ። ነጭ ሴራሚክ፣ ሙቅ ውኃ፣ ለመ/ቤቴ በእግር የሚኬድ። ምንም አይወጣለትም። አከራይዋ ደግ ሴትዮ ናቸው፤ ልጄ ምነው ዝም አልሽ አሉኝ። አስቤበት እደውላለሁ ብዬ ወጣሁ። የእኛ ግቢ በር ጋ ስደርስ ትከሻዬ ቀለለኝ። ድካም ነው። የታክሲ ግፊያ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ

ግርማ አገኘ! ወ/ሮ ሰናይት የሚባሉ። የሕፃናት ማቆያ አላቸው፤ የኪራይ ቤት ሰልችቷቸዋል። ረጅም ቤት ይፈልጋሉ። አያፈርሱም። ብርቱካኑን ሲያዩ ልጆቹ ይወዱታል ብለው ሳቁ አለኝ። ረቡዕ መጥተው ያድራሉ። አባባ ደስ ብሎት ጺሙን ለመላጨት ሙቅ ውኃ አስጣደኝ።

እኔ ግን ግርማን በስልክ አመናጨቅሁት። ለምን ሳትጠይቀኝ ቀን ቆረጥክ ብዬ። የሚጠይቀኝ ምን አለው? አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው አፈርኩ። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13። ማታ 2፡00

መጥተዋል። ብርድ ልብሳቸውን ራሳቸው ይዘው፤ እንግዳ አላስቸግርም ብለው።

ግን ጉድ ሠራሁ። እንግዳ ነው፣ ያውም የአባባ እንግዳ ብዬ ከመ/ቤት ቀደም ብዬ ወጥቼ አይብ፣ ጎመን በቅቤ፣ ወተት። ማዕዱን ዘረጋሁ። አባባ ጸለየ፤ ረጅም ጸሎት። ወ/ሮ ሰናይት እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ፣ አይቆርሱም። ጠግቤያለሁ፣ መንገድ ላይ ቀምሻለሁ ይላሉ። አባባ አንዴ ይጉረሱልኝ እያለ ይሟገታል። ሦስተኛውን ጉርሻ ሲመልሱ አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ አየሁ። ዕለቱ ረቡዕ! እኛ ቤት የረቡዕ ጾም ስለሌለ ጭራሽ አልታሰበኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ሮጬ ሽሮ በዘይት ሠራሁ። "ልታስገድፉኝ እኮ ነበር እናንተ ሰዎች!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ቀለለ። ከአባባ ጋር ስለ ላም ያወራሉ። አልጋዬን ለቅቄላቸዋለሁ፤ እዚህ ሶፋው ላይ ነኝ። ሴትዮዋን ወደድኳቸው። ባልወዳቸው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 1፡00

ሄዱ። ሻይ ላይ ጉድለቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አባባ እንደዚያ ነው የሚወደው። ቤቱ ይበርዳል። ቆርቆሮው ሌሊት ይንቋቋል። ከድሮው የሽንት ቦይ በኩል እርጥበት አለ። ቢሆንም እገዛዋለሁ አሉ። ሰኞ እንዋዋል።

ከዚያ ተነስተው ግድግዳውን ነኩ። ሳሎኑንና መኝታዬን የሚለየውን። ይህችን አንስቼ ለልጆቹ አንድ ሰፊ ክፍል አደርገዋለሁ አሉ። እንዳይነኩት፣ ጣሪያውን የተሸከመው እሱ ነው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ። ወ/ሮ ሰናይት ፊታቸው ጠቆረ፤ እንደዚያ ከሆነማ ላስብበት፣ የምፈልገው ሰፊውን ክፍል ነበር አሉ።

ውሸቴን ነው፣ ደብተሬ። ቺፑድ ነው። ጣሪያ ቀርቶ የቀን መቁጠሪያም በግድ ነው የተሸከመው። ያንን ቺፑድ ሚስማር የመታው አባባ ራሱ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጧል። ስኳሩን ማማሰሉን ቀጠለ። ብርቱካን እያንከባለለ የቤቱን ነውር የሚያሳይ ሰው ፊት፣ የሌለ ነውር ፈጥሬ ተናገርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። መ/ቤት

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ሰው ያያል፣ አለቀስኩ።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር አባባ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስለ ግድግዳው ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ላሟን መሸጥ የማይፈልግ ሰው ብቻ ነው በሌለ በሽታ የሚያማት አለኝ። ከዚያ የራሱን ነገረኝ። እሱ ለመሄድ ከመስከረም ጀምሮ ዝግጁ ነው። የዮናስ ክፍል ይሞቃል። የልጅ ልጆቹ አሉ። የሆሳዕና ወዳጆቹ ግማሾቹ ለቡ ናቸው፣ ቤ/ክም በእግሩ ይደርሳል። ይህ ቤት ጉልበቱን ይበርደዋል፤ ስንት ክረምት በርዶታል።

ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልሄድክም? አልኩት።

"አንቺን ብቻሽን ጥዬ?" አለኝ። "ቤቱን ትወጂዋለሽ። ለእኔ ብለሽ የቀረሽ እንዲመስልሽ ተውኩሽ እንጂ።"

ተናደድኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዕድሜዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ ልለው ነበር። ግን እውነቱን ነው። ጠዋት ብርሃኑ በዚያ ረጅም ቤት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲገባ እኔ ነኝ ቆሜ የማየው። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የማነጋግረው ሰው የለም፣ ከራሴ በቀር፤ ያን እወዳለሁ። የማንም ሚስት፣ የማንም ተከራይ ሳልሆን። ግን አንዲት ሴት ብቻዬን በረት ውስጥ መኖር እወዳለሁ ብትል ሰው ምን ይላል? አባቴ አይደል ማለት ይቀላል። ያስመርቃልም። ያን ሁሉ ምርቃት በሐሰት ወሰድኩ። እሱ ደግሞ እኔን ላለማሳፈር ጉልበቱን ሲያስበላ ኖረ።

ባለጉዳይ መጣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ከሰዓት 8፡15

ከቤ/ክ እንደተመለስን ለወ/ሮ ሰናይት ደወልኩ። ግድግዳው ቺፑድ እንደሆነ፣ እንደዋሸኋቸው፣ መሸጥ የማልፈልገው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ብርድ ልብሴን ተሸክሜ አንድ ሌሊት ሙሉ ቤትሽ አደርኩ፣ አብረን ሳቅን፣ ይህ ይደረጋል ወይ አሉ። አይደረግም። ስልኩን ዘጉት። ልክ ናቸው። ግርማ ደግሞ ስድብ እንኳ አጥቶ ቻው አለኝ።

አባባን ዮናስ ሊወስደው መጥቷል። ሽያጩ ቢዘገይም እሱ ዛሬ ልሂድ ብሏል። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ። ዮናስ ገና ምሳ እየበላ ነው፤ አባባ ግን መኪናው ውስጥ ከፊት ገብቶ ቀበቶውን አስሯል። በመስኮት አየዋለሁ። ወደ ቤቱ አይዞርም። ፊቱ ደስ ብሎታል፣ እንደ ልጅ። ለዚህ ሰው ነው መስዋዕት የሆንኩት ስል የኖርኩት።

ዮናስ ገና ምንም አያውቅም። አባባ ራሷ ትንገርህ ብሎታል። የቤቱን ድርሻ ከደመወዟ እየቆጠበች የምትከፍለው እህት ይፈልግ አይፈልግ አላውቅም። እንቢ ቢል መብቱ ነው። ያኔ በረቱ ይሸጣል፣ እኔም እወጣለሁ። አባባን ምክንያት ማድረግ ግን ዛሬ ያበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ማዕድ ቤት ቆሜ አምስት ጊዜ ተለማመድኩት። ቤቱን የምፈልገው እኔ ነኝ። ለአባባ ብዬ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። በቃ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚጨመር የለም።

ዮናስ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ልንገረው።