የሁሴንን እግር የያዝኩ ዕለት

ጥር 14፣ ወልድያ

ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ሻንጣው ገና ግማሽ ነው። የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ አንተ ማስታወሻዬ። ነገ ጠዋት ከሁሴን ጋር በሐራ፣ በሚሌ አድርገን ጂቡቲ። ሾፌሮቹ መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። ዛሬ ክፍት ነው ማለታቸው ነው፤ ለነገ ማንም አይምልም።

ሁለታችንም ባዮሎጂ ት/ክፍል ነን። ስለ ኮራል፣ ስለዚያ ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ፣ ለተማሪ ስለፈልፍ ዓመታት አለፉ፤ አንድም ኮራል በዓይኔ አላየሁም። ጂቡቲ የባሕር መጥለቅ ሥልጠና ዕድል ሲመጣ ቀድሞ እጁን ያወጣው ሁሴን ነው። ሲሪንቃ አካባቢ ወንዝ ለወንዝ ሲዋኝ ያደገ ሰው። እሱ ባይኖር እኔ እምቢ እል ነበር።

ከሰዓት መርሳ ደርሼ መጣሁ። እማዬ ብርቱካኗን እየደረደረች ነው። ባሕር ሥር ልገባ ነው ስላት ሳቀች። የምሬን መሆኑን ስታውቅ ሳቋን ዋጠችው።

«የሰው ልጅ አፈር አይደል እንዴ? አፈር ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?»

ሁሴን ጋ ደውዬ አገናኘኋት። አደራ አለችው። «እማማ፣ አይስጉ፤ ኢንሻአላህ እንደወሰድኳት እመልስልዎታለሁ» አላት። ትንሽ ተረጋጋች። እኔ ግን አልተረጋጋሁም።

ጥር 18፣ ጂቡቲ

ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። አሠልጣኛችን አብዲ ይባላል፤ አማርኛ ይችላል፤ ብዙ አያወራም። እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ስንንበረከክ ዋልን። አየር በአፍ መሳብ፣ በአፍ ማውጣት። መነጽር ውስጥ የገባ ውሃ በአፍንጫ ማስወጣት።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አስጠነቀቀን። ውሃ ሥር የሳቡት አየር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ትንፋሹን ቋጥሮ ወደ ላይ የሮጠ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ቀስ ብሎ፣ እያስተነፈሱ መውጣት። ሁሴን የወንዝ ልጅ ትንፋሽ መቋጠር ነው የሚያውቀው ብሎ ቀለደ። አብዲ አልሳቀም።

ጥር 20፣ ከሰዓት

አየሁት!

ስምንት ሜትር። የአጋዘን ቀንድ የመሰለ ኮራል፣ የሰው አንጎል የመሰለ ኮራል፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። ቢጫ ዓሦች ሺህ ሆነው እንደ አንድ ሰው ይዞራሉ። አንድ ሰማያዊ ዓሣ ኮራል ሲቆረጥም ይሰማል፤ ቆሎ እንደሚበላ ሰው። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ሁሉ ማጥፋት አማረኝ።

ሁሴን ጀልባው ላይ ፎጣ ደርቦ ጥግ ያዘ። ውሃ ሲጠጣ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ምን ሆንክ አልኩት። በረደኝ ነው አለ። በዚህ ሙቀት!

ለአብዲ ልንገረው? ሰው ማሳጣት ይሆንብኛል። ተውኩት።

ጥር 21

እንደሆነው ልጻፈው።

አሥራ አራት ሜትር። አብዲ ፊት፣ እኛ ኋላ ጎን ለጎን። ከኮራሉ ጫፍ ስናልፍ ውሃው መግፋት ይጀምራል። ሁሴን ይታገላል። መነጽሩ ውሃ ይሞላል። መተንፈሻውን ከአፉ ይነቅለዋል።

የእኔን ትርፍ መተንፈሻ ሰጠሁት። ያዘ። ሁለቴ ሳበ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ዓይኑ ተለወጠ። ተፋው፤ ደረቴን ገፍቶ ወደ ላይ።

ጉንጩ ተነፍቷል። ትንፋሹን ቋጥሯል።

እግሩን ያዝኩት። በሌላኛው እግሩ ፊቴን ረገጠኝ። አልለቀቅኩትም። ሁለታችንም እየተጎተትን ወጣን፤ እኔ ወደ ታች ስስበው፣ እሱ ወደ ላይ ሲጎትተኝ። ቀና ብዬ አረፋ እየነፋሁ አሳየዋለሁ፤ በልቤ «አውጣው፣ አውጣው» እለዋለሁ። ቁልቁል አየኝ። የዚያን ጊዜ አረፋ ከአፉ ወጣ። ጥቂት። አብዲ ደርሶ የመጥለቂያ ጃኬቱን ሊይዝ ሲል እግሩ ከእጄ አመለጠ። የቀረችውን ጥቂት ሜትር ብቻውን ተተኮሰ።

ጀልባው ላይ ሳል ያዘው። ፎጣው ላይ ደም። ኦክስጅን አደረጉለት። እጁን ልይዝ ስል ነጠቀኝ።

ጥር 22፣ ሆስፒታል

ሳንባው ተጎድቷል፤ ይድናል። ሐኪሙ ለጉዞው አትቸኩሉ አለ፤ እስኪያገግም ወደ ደጋ መውጣት የለም። ውሃ ውስጥ መጥለቅ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክልክል።

ፍራፍሬ ይዤ ገባሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የካቲት 2፣ ወልድያ

ከጂቡቲ እስከ ወልድያ አንድ መኪና ውስጥ ሆነን አልተነጋገርንም። ሐራ ላይ ምሳ በላን፤ እሱ ከሾፌሩ ጋር ተቀመጠ።

ዛሬ መምህራን ክበብ ስገባ ወሬው ቆመ። ወደ ማታ አንድ ባልደረባዬ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ ሁሴን ውሃ ውስጥ እግሬን ይዛ ጎተተችኝ ብሏል።

ዋሽቶ ቢሆን በተሻለኝ። አልዋሸም። ይዤዋለሁ።

የካቲት 5

ከጂቡቲ መልእክት። ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ትመጫለሽ ወይ? የት/ክፍል ኃላፊያችን ነገሩ ይብረድ፣ ትንሽ ቆዪ አለኝ። እኔስ ብሆን? ቅዳሜ ወደ ከተማው መዋኛ ገንዳ ሄጄ ነበር። እስከ አንገቴ ገባሁ። ራሴን ማስገባት አቃተኝ። ፎጣዬን ይዤ ወጣሁ።

የካቲት 7

የሁሴን ሚስት ዘሀራ መጣች። ግቢ ብላት ደጁ ላይ ቆመች።

«ሰናይት፣ እውነቱን ንገሪኝ። እግሩን ይዘሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ነገርኳት። አየሩን፣ ሳንባውን፣ ጉንጩን። ያን ትንፋሽ እንደቋጠረ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ አትጠይቂኝም ነበር አልኳት። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ።

«ሲያንቀላፋ ሰው የያዘበት ይመስል እግሩን ይሰበስባል» አለች። «ትንፋሹን በመቋጠሩ እንደተጎዳ ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። እሱ ነው ያልሰማው።» ነጠላዋን አጣፋችና ሄደች።

አመነችኝ? አላውቅም። ሰላም ዋዪ ሳትል አልሄደችም፤ ይኸው ነው።

የካቲት 14

ገንዳው ዳር ተቀምጬ እግሬን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። ጥላ መጣብኝ። ሁሴን። ከስቷል። የሰባት ዓመት ልጁን ሐያትን ይዟል።

ሰላምታ የለም። ከጎኔ ተቀመጠ። የሐያትን ጫማ እያወለቀ፦

«ለኃላፊው ነገርኩት።»

«ምን ብለህ?»

«እግሬን እንደያዝሽ።» ውሃውን አየ። «ለምን እንደያዝሽም።»

እግሬን ውሃው ውስጥ አወዛወዝኩ። ማልቀስ አልፈለግኩም።

«ስታዪኝ ነበር፤ አረፋ ስትነፊ። ያን አስታወስኩ። ዘግይቶ መጣልኝ። አውፍ በዪኝ፤ በድዬሻለሁ።» ወደ ሐያት አመለከተ። «ይቺ ልጅ ዋና ትልመድ። እኔ ውሃ አልገባም። አንቺ ያዢልኝ።»

እኔም መግባት አልቻልኩም ልለው አፌን ስከፍት ሐያት ዘለለች። በጥልቁ በኩል! ሁሴን ጮኸ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ብብቷን ይዤ ብቅ ስል ልጅቷ እየሳቀች ውሃ ትተፋለች። የእኔም ፀጉር ይንጠባጠባል። ሁሴን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘርግቷል። አልሰጠሁትም።

«ቆይ፣ ገና ጀመርን» አልኩት።

ቤት ስገባ ሳልቀመጥ ለጂቡቲ ጻፍኩ፦ ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ።