ስለ እናቴ ልብና ስለ ግራ እግሯ

ለተከበሩ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ዲን፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለሁለቱም እግሮችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ ሴት ስሆን፣ ተማሪዎችዎ በሚሠለጥኑበት ክፍል በመስኮቱ ሥር ተኝታ የነበረችው ሴት የመጨረሻ ልጅ ነኝ። በስሟ ስለማትታወቅ «ፉጨቷ» ብል ያስታውሷት ይሆናል። ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ ስለማይገጥም ምቷ የሚያፏጭ ድምፅ ነበረው፤ መምህሩም እንዲህ ጥርት ያለ ፉጨት በየዓመቱ እንደማይገኝ ደስ ብሏቸው ሲናገሩ ስለሰማን፣ በቤተሰባችን ውስጥ ለከፍተኛ ትምህርት የበቃ ነገር በመገኘቱ እኛም ኮርተን ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለድፍረት አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለነገረችኝ፣ የስብሰባው ርእስም ስለ ሕመምተኞች አያያዝ መሆኑን በሩ ላይ ስላነበብኩ፣ ይህን የመሰለ ቁም ነገር ማቋረጥ ከብዶኝ ነው። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ተማሪዎችዎን ስላስተማሯቸው ትሕትና አመሰግናለሁ። አንድም ሳይቀር እጃቸውን ታጥበው፣ ፈገግ ብለው፣ «እማማ፣ ተማሪ ነኝ፤ ቢፈቅዱልኝ ልብዎን ላዳምጥ» ይሏት ነበር። ይህ ሰላምታ ፈተና ላይ ነጥብ እንዳለው የሰማሁት ኋላ ነው። እናቴ ግን የምር መስሏት ለእያንዳንዱ «ደህና ነህ ወይ የኔ ልጅ? እናትህስ ደህና ናት?» እያለች ትመልስ ነበር፤ ልጁም መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይከት ነበር። ከጠዋቱ ተራ በኋላ ደክሟት ዓይኗን ስትጨፍን፣ ልጆቹ ጨዋ መሆናቸውን እየነገረችኝ ነበር የምትተኛው።

2. ለትምህርቱ የበኩሌን እንዳበረክት ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የእናቴ ቀሚስ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በፈታና በቆለፈ ቁጥር ሰልፉ እስከ ኮሪደር ይደርስ ነበር። እናቴም ራሷ «አንቺ፣ ልጆቹ ተቸገሩ እኮ፣ ዚፕ አድርጊበት» ስላለችኝ ቁልፎቹን ነቅዬ ዚፕ ሰፋሁበት። ከዚያ በኋላ ሥራው ተቀላጠፈ።

3. ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ጽናት አመሰግናለሁ። እናቴ ግራ እግሯ ባቱ ላይ አብጦ እንደሚያቃጥላት ለመጡት ሁሉ ነግራለች። ተማሪዎቹም በሚያስመሰግን ታዛዥነት ይህ ሳምንት የልብ መሆኑን፣ የእግር ተራ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርስ አስረድተዋታል። መምህሩም ነገሩ ሲደጋገምባቸው «እናቴ፣ ተማሪ አናደናግር» ብለዋታል። እሷም ሰው ማስቸገር የማትወድ ስለሆነች፣ «እሺ፣ እስከዚያ እችለዋለሁ» አለች። አንዲት አጠር ያለች ተማሪ ግን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ተመልሳ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ባቷን በእጇ ነካችው፤ ፊቷም ተለወጠ። ወዲያው ከኮሪደር ስለተጠራች ሄደች፤ ለመምህሩ ስትነግራቸውና እሳቸው ሰዓታቸውን ሲያዩ በበሩ ተመልክቻለሁ። ይህችን ልጅ እባክዎ አይቅጧት፤ ከደብዳቤዬ ውስጥ ያለ ሽሙጥ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው።

4. ስለ መጨረሻው ጠዋት። ፍል ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ የተማሪዎቹ ተራ ተጀምሮ ነበር። አንድ ረጅም ተማሪ ሰላምታውን አሟልቶ፣ እንደተማረው ፈቃድ ጠይቆ፣ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወስዶ ዚፑን ከፍቷል። ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ቀና ብሎም ፉጨቱ በግልጽ እንደሚሰማ ለመምህሩ ተናገረ፤ መምህሩም «ጎበዝ» አሉት። እኔ ትራሷን ላስተካክል ስጠጋ አንገቷ ቀዝቅዞ አገኘሁት። የተጠራችው ነርስ ሕይወቷ ካለፈ መቆየቱን ነገረችን፤ ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባዋን መዝጋቱን ደግሞ በኋላ ሐኪሞቹ ነገሩን።

በልጁ አልፈርድም። ይሰማል የተባለውን ሰምቷል፤ ከእሱ በፊት የነበሩትም ሁሉ ሰምተውታል፤ አልሰማሁም ቢል ኖሮ ነጥብ የሚያጣ መስሎታል። በቆመ ልብ ውስጥ ሳይቀር ፉጨት የሚሰማ ባለሙያ ማፍራት ለማንም ኮሌጅ የሚሳካ ሥራ አይደለም፤ ለዚህም እንኳን ደስ ያለዎት።

እኔ በዚያ ሰዓት ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም። ዚፑን ዘጋሁ፣ ፍል ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እስከ ዛሬም ዕንባው አልመጣም። ደንበኞቼ አይዞሽ ሲሉኝ እሺ እላቸዋለሁ፤ ልብሳቸውንም በቀጠሯቸው አደርሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃዋን ልወስድ ስሄድ ተማሪዎቹ የእግር ትምህርታቸውን ጀምረው ነበር፤ አልጋዋ ባዶ ስለነበረ አልፈው ወደ ቀጣዩ ሄዱ።

በኮሌጅዎ በር ላይ ለሕመምተኛና ለማኅበረሰብ የቆመ ባለሙያ እንደምታፈሩ በትልቁ ተጽፏል። ጽሑፉ ቆንጆ ነው፤ ቀለሙም ገና አልለቀቀም። ሕመምተኛዋም ማኅበረሰቡም በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው እግራቸውን ሲያማቸው ምን እንደሚደረግ ግን ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ለመጨመር ቦታ ያለ ይመስለኛል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲያልቅና ከወንበርዎ ሲነሡም እግርዎ እንዳይደነዝዝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የፉጨቷ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ በቅርቡ ድካም ስለጠናብኝ ታይቼ የእኔም ልብ እንደሚያፏጭ ተነግሮኛል፤ የእናቴ ውርስ ነው። ለሰኞ አልጋ ተይዞልኛል፤ ያው ክፍል ነው፣ መምህሩም እንደሚደሰቱ አልጠራጠርም። ለዚሁ ብዬ አዲስ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ዚፕ የለውም። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ትንንሽ ቁልፎች አጠጋግቼ ደርድሬበታለሁ፤ ተማሪዎችዎ ፈትተው እስኪጨርሱ ድረስ የት ላይ እንደሚያመኝ ለመጠየቅ፣ ከተቻለም መልሱን ለመስማት፣ በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።