ልቅሶ ቤታችን የጣሉትን ቃል መጥተው እንዲያነሱልን

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም ከራስ ምታት እስከ እግር ቁርጥማት ካለው ሁሉ እንዲጠበቁ፣ ይልቁንም ልብዎ ጤነኛ እንዲሆን እመኛለሁ። የልብን ነገር እኛ ቤት በደንብ ስለምናውቀው ይህን ምኞት ለማንም ዝም ብለን አንመኝም።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝ፣ ዘንድሮ የሞተችው ተማሪ ወንድም ነኝ ብል ያስታውሱኛል፤ ሰልፍ ላይ ፊት አቁመው ትከሻዬን እንደያዙ ንግግር ያደረጉብኝ ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ መግባት ፈርቼ አይደለም። ስለ እህቴ የተናገሩት ሁሉ በሕዝብ ፊት ስለሆነ፣ ምስጋናዬም በሕዝብ ፊት ቢሆን ይገባዎታል ብዬ ነው። ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማያነቡ ስለሚነገር ደግሞ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ እህቴ በሞተች ማግስት «የትምህርት ቤታችን ኮከብ» ስላሏት እግዜር ይስጥልኝ። በሕይወት እያለች የሚጠሯት «ያቺ ለፍላፊ» እያሉ ስለነበር፣ እድገቱ እጅግ ፈጣን ነው። አንዳንድ መምህራን ለዚህ ያህል ማዕረግ ዓመታት ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን የተጠየቀችው መሞት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ለቲያትር ጥበብ ስላበረከቱት አስተዋጽኦ። ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፤ ባለፈው ዓመት መዝጊያ ዝግጅት እህቴ የተጫወተችው በልጆቹ ተቆጥቶ ከቤቱ የሚወጣ ሽማግሌ ሆና ነበር። እርስዎ የመጨረሻውን ልምምድ ከተመለከቱ በኋላ፣ ፊት ወንበር ለሚቀመጡ የክብር እንግዶች ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ ማንም ተዋናይ ጀርባውን አዙሮ ከመድረክ እንዳይወጣ አዘዙ። የተቆጣ ሰው የኋሊት እየሄደ ከቤቱ እንዲወጣ ያዘዘ ሰው ከእርስዎ በፊት መኖሩን አልሰማሁም። እህቴ ግን «እሺ ጋሼ» ብላ ከዘራዋን አነሳች። በዝግጅቱ ቀን ልጆቿን እየረገመች፣ በሩን ከኋላዋ በከዘራ እየዳበሰች፣ ሁለቴ ስታው ከግድግዳ ጋር እየተጋጨች፣ ግድግዳውንም «አንተም ተነሳህብኝ?» ብላ እየገሠጸች ስትወጣ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የክብር እንግዶቹ እንባቸውን እየጠረጉ የእርስዎን እጅ ጨበጡ፤ እርስዎም «ሐሳቡ የእኔ ነው» አሏቸው። እውነትዎን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤትም በሰፈርም ስሟ «ሽማግሌው» ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው ስለ ሕንፃው ነው። የእህቴ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ልቧ ታማሚ መሆኑን፣ ሐኪሟም ፎቅ መውጣት እንደከለከላት እናቴ የልብስ ስፌት ሥራዋን እያቋረጠች ቢሮዎ ድረስ እየመጣች ነግራዎታለች። እርስዎም ምድር ቤት ያሉት ክፍሎች ለተመረጡ ተማሪዎች የተያዙ መሆናቸውን፣ «ለአንድ ልጅ ሲባል አሠራር አይፈርስም» የሚለውንም መርሕ፣ ሻይ ጋብዘው ጭምር በትዕግሥት አስረድተዋታል። ለሻዩ እናመሰግናለን። እህቴ በየፎቁ መስኮት አጠገብ እየቆመች፣ ሰው እንዳያውቅባት ውጭውን የምታይ እየመሰለች ትወጣ ነበር። ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ስቆም «ምን ታያለህ? ሽማግሌ ሲያርፍ አይተህ አታውቅም?» ትለኛለች። ሽማግሌ መጫወት ለምን እንደምትወድ የገባኝ ያኔ ነው። መድረክ ላይ በዝግታ ቢራመድ፣ ሲደክመው ቢቀመጥ፣ ንግግሩን አቋርጦ ቢተነፍስ «ምን ሆነ?» የማይባል ሰው ሽማግሌ ብቻ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ለልቧ የሚመች ቦታ ቢኖር ያ መድረክ ነበር። ሐኪሟም ይህን ስላወቀ «ፎቁን ተዪው፣ ቲያትሩን ቀጥዪ» ብሏታል። እሷም እሱ እንዳላት ልታደርግ ብዙ ጣረች፤ ግማሹ ብቻ ተሳካላት።

ለአራተኛው ቁጥር መስጠት ይከብደኛል፤ ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለ እሱ ነውና። ልቅሶ ቤታችን መጥተው ነበር። ልቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ የፈለገውን ቢናገር መልስ እንደማይሰጠው፣ እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ ሰው አይጠፋውም። አባቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ፣ «ያደከማት መድረኩ ነው፤ የልጅ ልብ ያን ሁሉ አይችልም። ለትንሿ ይወቁላት፣ ከዚህ ነገር ያርቋት። ደግሞስ በጨዋታ ኑሮ ይገፋል?» አሉት። በሳምንቱም የቲያትር ክበቡን «ለሐዘኑ ክብር ሲባል» ዘግተው አዳራሹን የተሰበሩ ወንበሮች ማጠራቀሚያ አደረጉት። እህቴን በዚህ መልክ ለመዘከር ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ከታክሲውም ከጋሪውም ሲሟገት የሚውል ሰው፣ የተማረ ሰው ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይታሰራል። ድሮ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ የእህቴን የመድረክ ንግግር ለተሳፋሪ በቃሉ የሚያሰማው እሱ ነበር፤ «የልጄ ነው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም» ይላቸው ነበር። አሁን ሐኪሟ ያለውን ደግሜ ደጋግሜ ስነግረው፣ «ተው ልጄ፣ እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሳያውቁ አይናገሩም» ይለኛል። እናቴ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

እንዲርቋት የመከሩላት ትንሿ እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል «ፌንጣ» እንላታለን። መንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ፣ ትኬት ቆራጩን፣ ጥርሱን ያመመውን ባለሱቅ፣ እያዛጋ የሚፈትሸውን ዘበኛ ቤት ይዛው የምትመጣ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ እናቴን ራሷን ሆና ስትቀርብባት እናቴ «እኔ እንዲህ ነው የምቆጣው? ታዲያ እንዴት ትፈሩኛላችሁ?» ብላ ስቃለች። የወጣቶች ቲያትር ቤት አሠልጣኝ ይህችን ልጅ አይታ «ቅዳሜ ለፈተና አምጧት» ብላናለች። የሚቀበሉት በዚህ ዕድሜ ያሉትን ብቻ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ካለፋት በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን ፌንጣ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ፣ «መድረክ ላይ ልወጣ ስል ልቤ ድው ድው ይላል፤ የእሷም እንዲህ ነው የጀመረው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ሰው ፊት ሊቆም የተነሳ ሁሉ ልቡ ይመታል። ዕድሜ ልክዎን ያስተማሩ ሰው ይህን ያጡታል ብዬ አላስብም። ፌንጣም እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን የምታውቀው ደስታ ብላ ነበር፤ በሽታ የሚል ስም ያወጡለት እርስዎ ነዎት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ «ይሄማ ፈረስ ነው» ብላ ሳቀች። ፌንጣ ግን ከግቢው ስንወጣ «ነርሷ እኮ ርዕሰ መምህር አይደለችም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሆና አታውቅም። ራት ላይ እጇን አጣጥፋ እንደ ጨዋ ልጅ ትቀመጣለች። ቤታችን ውስጥ ካየሁት ነገር ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ እንደዚህ የሚያስፈራ አላየሁም።

አምስተኛ የለኝም። አንድ ልመና ግን አለኝ። እርስዎ የተናገሩትን እኔ ብሽረው አይሻርም፣ ሐኪም ቢሽረውም አይሻርም፤ ተሞክሮ ታይቷል። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት በአንዱ ቀን እኛ ቤት ጎራ ብለው፣ በዚያው ወንበር ተቀምጠው፣ ለአባቴና ለፌንጣ «ያን ያልኩት ሳላውቅ ነው» ይበሉልን። አራት ቃል ብቻ ናት። አፍ ላይ እንደምትከብድ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ሰው ሳይለማመዳት ጡረታ ይወጣል። እርስዎ ግን ሳይዘጋጁ ረጅም ንግግር የማድረግ ችሎታዎ የታወቀ ስለሆነ አያቅትዎትም።

ባይመቻችሁ፣ ይቅርታ፣ ባይመችዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት የማካካሻ ትምህርቴን ትቼ ፌንጣን ይዤ እሄዳለሁ። አባቴን ሳላስፈቅድ የማደርገው የመጀመሪያው ነገር ይሆናል፤ በሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን ልጨምርበት ስለማልፈልግ ነው ደጅዎን የምጠናው። ከትምህርቱ ስለ መቅረቴ ሰልፍ ፊት ቢያንበረክኩኝ ቅር አይለኝም። ፌንጣ እዚያ መድረክ አጠገብ ስትደርስ ልቧ መምታቱ አይቀርም፣ እኔም ይምታ እላታለሁ። የማይመታ ልብ ምን እንደሚመስል አይቻለሁና።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ከሁለቱም ጋር ደግሞ ጥቂት ዝምታ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

የሽማግሌው ታናሽ ወንድም፣ የፌንጣ ታላቅ ወንድም፣ የእርስዎም ታዛዥ ተማሪ።

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣ ከሥራ ሲወጣ እንዲያነበው፤
ለተሰበሩት ወንበሮች፣ በአዳራሹ የቀሩት ተመልካቾች እነሱ ስለሆኑ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታናሹ ልጅዎ ከፌንጣ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆሞ የእርስዎን የሰልፍ ንግግር ሲያቀርብ፣ መነጽር ሳይኖረው መነጽር አውልቆ ሲያብስ፣ «ወደ ነጥቤ ስመለስ» ብሎ የትም ሳይመለስ ሲቀር ያልሳቀ ተማሪ የለም። ዘበኛው እንኳ ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ ሲጋራውን ጥሎ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቻለሁ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ልጅዎ ራሱ ነው፤ «ለአባዬ መንገር ስለምፈራ አንተ ንገርልኝ» ብሎኛል። አሠልጣኟን ጠይቄያታለሁ፤ ቅዳሜ ለእሱም ቦታ አለ። ተሰጥኦው ከቤት የተገኘ ነውና፣ እባክዎ ያበረታቱት።