አሜን ያልሽላቸው አበቦች

ቆንጂት፣

አክስቴ ታማብኝ ሄጃለሁ። ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም።

የሜዳ አበቦቹን ውሃ አታጠጪ። ሥራቸው ጠልቋል፣ ድርቁን ይችሉታል፤ ውሃ ሲበዛባቸው ነው የሚበሰብሱት። አጥሩ ጥግ ያሉትን አዲሶቹን ብቻ፣ አፈሩ ሲደርቅ ትንሽ ጠብ አድርጊላቸው። የደረቁ የሚመስሉትንም እንዳትነቅዪ፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ።

ትናንት አናጢው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ "እንዴት ያምራሉ! እጅሽ ይባረክ" ሲልሽ፣ አንቺ "አሜን" አልሽ።

እኔ እኮ እዚያው አጎንብሼ አረም እየነቀልኩ ነበር። ዘሩን ከመንገድ ዳር ለቅሜ ያበቀልኳቸው እኔ ነኝ። ለመሆኑ ጥፍርሽ ውስጥ አፈር ገብቶ ያውቃል?

ይሁን።

ምሳሽ ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ።

አናጢው "ጓደኛሽስ?" ካለሽ፣ ቶሎ ትመለሳለች በይው።

ካልጠየቀሽ ግን፣ ስመጣ አትንገሪኝ።