የካፖርቴን ቁልፍ ከሚላን አመጣሁት

ሰዒዴ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ደህና ቦታ እንዲያኖርህ በየሶላቴ እለምነዋለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። ያኔ ከቀብርህ ስንመለስ የመጀመሪያው በረዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ደግሞ የመኪኖቹ ጣራ ላይ ስስ አመዳይ አየሁ። "መጣ እንግዲህ!" ብዬ ካፖርቴን አወጣሁ። የትኛውን ካፖርት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ይህን የምጽፍልህም የእሱን ነገር ልነግርህ ነው። ጽሕፈቴ ያው የምታውቀው ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ። እንደ ልማድህ እየሳቅህ አንብበው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት፣ ያው ከፀጉር ቤቱ በላይ ነን። ጃማይካዊው ጎረቤታችን አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ። ነገር ግን አንተ "በመግሪብ ሰዓት ቀንስልኝ ወንድሜ" ብለህ የለመንከውን አልረሳም። ዛሬም ፀሐይ ስትጠልቅ ቀንሶ ያስቀምጠዋል። እኔ ብቻዬን ስሰግድ ያን ዝምታ ስሰማ አንተ ከፊቴ የቆምህ ይመስለኛል። ሃያት ዘንድሮ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ቁመቷ አንተን አከለ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ሁለት ጣቢያ የያዘ ሬዲዮ ሆነናል። እኔም ያው የሽማግሌዎቹ መጦሪያ ኩሽና ውስጥ ነኝ፤ ድንች ስልጥ እውላለሁ።

አሁን ወደ ካፖርቱ።

ያን እሑድ ታስታውሳለህ? እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ አንተ በዚያ ፋብሪካ የሰው ካፖርት ስትተኩስ፣ እኔ በምጽዋት ያገኘሁትን፣ እጅጌው ጣቴን የሚውጠውን ለብሼ ስዞር ይቆጭህ ነበር። መርካቶ እያለን ለሙሽራ የምትሰፋ ሰው! አንድ እሑድ ቁርጥራጭ ጨርቆች ታቅፈህ መጣህና "አንቺ፣ ክንድሽን አምጪ" አልከኝ። እጅጌዬን ጠቅልለህ መስኮቱ ጋ ወሰድከኝ። አንዱን ጨርቅ ክንዴ ላይ ጣል ታደርግና "ይሄ ያሳምምሻል" ትላለህ። ሌላውን ታነሣና "ይሄ አቧራ ያስመስልሻል" ትላለህ። መጨረሻ ላይ አንዱን አሳረፍህ። አንጓዬን ይዘህ ወደ ብርሃኑ መለስ አደረግከውና "ይሄ፤ ይሄ ራስሽ ነሽ" አልከኝ። ቀለሙ ምን ይባላል ብልህ "ተልባ፤ ያውም የታመሰ ተልባ" አልህ። እኔም "የምለብሰው ነው የምበጠብጠው?" ብዬ ሳቅሁብህ።

ቆረጥከው፤ በዚያ ኋላ በሚነቀለው ነጭ ክር ወስውሰህ አቆምከው፤ መርፌ በአፍህ ይዘህ "ቀጥ በይ፣ ትንፋሽሽን አትዋጪ!" እያልህ ተቆጣኸኝ። እንግዲህ ዋናው ስፌትና ቁልፉ ቀረ። የዚያን ሰሞን ነው እህቴ ነኢማ ከምትሠራበት ከሚላን "በጋውን እኔ ጋ ኑ" ብላ የጻፈችልን። ያ ጨርቅ ቆራጩ ጓደኛህ ቪቶ ደግሞ የሚላንን የልብስ ነገር ሲያወራልህ ከርሟል፤ እሱ ራሱ ከጣሊያን ደቡብ መጥቶ አንድም ቀን ሳያያት! ሰምተህ መጣህና "በቃ ቁልፉን ሚላን ነው የምንገዛው፤ በዚህ ፕላስቲክ ጨርቄን አላዋርድም" አልህ። ሰው ባሕር ተሻግሮ ለካፖርት ቁልፍ ይሄዳል ወይ ብልህ፣ "ከሄድን ላይቀር የሚያምር ነገር ይዘን እንምጣ፤ የሚያምር ነገር ደግሞ ትንሽ ነው" አልከኝ። ከዚያ ልብህ ከዳችህ። እኔንም ከዳችኝ።

ካፖርቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ፣ ነጭ ክሩን እንደለበሰ፣ ተሰቅሎ ቀረ። ቪቶ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አየው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ "ሲኞራ፣ እኔ ልጨርሰው" አለኝ። "ቆይ፣ ሌላ ጊዜ" አልኩት። ለጨርቁ ሳስቼ እንዳይመስልህ። ያ ነጭ ክር የጣትህ መንገድ ነው። ማለዳ ስነሣ ወጣ ገባ ብሎ ሳየው፣ እዚህ ጋ ቸኩሏል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ክሩ ተበጥሶበት ተራግሟል እላለሁ። ስፌቱ ካለቀ በዚህ ቤት የጀመርከው ሥራ ሁሉ አለቀ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።

የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት ስጀምር ነኢማ ትኬቱን ላከችልኝ። እኔ አልሄድም አልሁ፤ ሃያት ናት የገፋችኝ። ሻንጣዬን ስዘጋ በሩ ላይ ቆማ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ወርቅማ ነገር እንዳታመጪ። የከተማው ማማ የተሳለበትም፣ የሚበራም" አለችኝ። ከናያግራ ያመጣሁትን በመብራት የሚፈሰውን የፏፏቴ ጌጥ መናገሯ ነው። አንተ እኮ ምንም ሳትለኝ ቀስ ብለህ ቴሌቪዥኑ ኋላ ነበር ያስቀመጥከው! ዛሬም እዚያው ይፈሳል።

ሚላን፣ ሰዒዴ፣ ሴቱ ሁሉ አሁን ከአንተ እጅ የወጣ ይመስላል። ሽማግሌው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ለሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ሱቆቹ ደግሞ ትልቅ መስኮት ውስጥ አንድ ጫማ ብቻ ያስቀምጣሉ። "ሌላኛው ተሸጦ ነው?" ብዬ ነኢማን ብጠይቃት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። የታላቁ ቤተ ክርስቲያናቸው አደባባይ ላይ ግን ልቤ ደነገጠ፤ ሻጮቹ የቤተ ክርስቲያኑን ምስል በብርጭቆ ኳስ ውስጥ አድርገው፣ ወርቅ ቀብተው ይሸጣሉ፤ ሲነቀንቁት በረዶ ይወርድበታል! ቦርሳዬን ከፍቼ ሁለት አንሥቻለሁ። ነኢማ ክንዴን ጎትታ "እቴ፣ በረዶ አጥተሽ ነው ቶሮንቶ የምትወስጂው?" አለችኝ። መልሼ አስቀመጥኋቸው። "እዚህ አገር የሚያብረቀርቀው ለእንግዳ ነው፤ የአገሬው ሰው የሚገዛው ጠበብ ካለችው መንገድ ውስጥ ነው" ብላ ወሰደችኝ።

ከዚያ ወዲያ የአንተን ዘዴ ያዝሁ። ልብስን በውስጡ እይ ትለኝ የለ? በየሱቁ ገብተህ ኮቱን ሁሉ ስትገለብጥ አፍሬ ውጭ እጠብቅህ የነበርኩት ሴት፣ እዚያ ያገኘሁትን ሁሉ ስገለብጥ ዋልሁ። አንዲት ሻጭ ቅንድቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። ምን አገባኝ! አንዲት የወይራ ቅጠል የመሰለች ሻሽ ገልብጬ ባያት ጠርዟ በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ከትንኝ እግር ይቀጥናል። አበባ የላት፣ ማማ የላት። ለሃያት ገዛኋት። ስሰጣት ምን እንደምትል እየፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነኢማ ቁልፍ ቤት ወሰደችኝ። ምነው አብረን ባየነው! ጠባብና ጨለምለም ያለ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ መሳቢያ ነው፣ በየመሳቢያው ፊት የውስጡ ቁልፍ አንድ አንድ ተሰፍቶበታል። ባለቤቲቱ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አሮጊት ናት። ቀለሙን ላሳያት የጨርቁን ቅዳጅ ከቦርሳዬ ልፈልግ፣ የለም! ኋላ ትዝ አለኝ። እንዳልረሳው ብዬ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቼው ካፖርቱን በሩ ላይ ትቼው መጥቻለሁ። ነኢማ "አንቺ ደህና ነሽ? እሱም ይሁን ሌላ፣ ቡናማ ቁልፍ ገዝተሽ ሂጂ" አለችኝ። ሱቁም ለምሳ ተዘጋ። አሠሪዋን አስፈቅዳ ስልክ አስደወለችኝ፤ ቶሮንቶ ገና አልነጋም፣ ሃያትን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኋት።

"የካፖርቱን ቀለም ንገሪኝ፣ ልጄ።"

"ብራውን ነው፣ ማሚ።"

"ምን ዓይነት ብራውን?"

"ብራውን ብራውን! ምን ልበልሽ? ጉድ ናይት" ብላ ዘጋችው።

ነገ እሑድ ነው፣ ሰኞ ተመላሽ ነኝ። ከምሳ በኋላ እንደገና ሄድን። አሮጊቷ ጥቁሩንም፣ የማር የመሰለውንም፣ ቀዩንም ደረደረችልኝ። ሁሉም ያምራል፣ አንዱም አይደለም። ነኢማን "የታመሰ ተልባ በያት" ብላት "ተልባን እዚህ ማን ያውቃል?" አለችኝ። ሁልጊዜ የምታስበው ጨርቅ ከዓይንህ ሲጠፋ ታውቃለህ? የአንተም መልክ እንዲሁ እየጠፋኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቁልፉን ተውኩት ብዬ ዘወር ልል ስል ያ መስኮት ትዝ አለኝ። ተመለስሁና እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቅልዬ ክንዴን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁላት።

አሮጊቷ መነጽሯን አውልቃ ክንዴን አየች፣ ፊቴን አየች።  ከመሳቢያው እያወጣች ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆዳዬ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ታስቀምጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ታነሣለች። መጨረሻ ላይ ከቀንድ የተሠራ፣ ደም ሥር የመሰለ ሸንተረር ያለው አንዱን አሳረፈች። ከዚያ አንጓዬን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን መለስ አደረገችው። ልክ እንዳንተ፣ ሰዒዴ። ልክ እንዳንተ። በቀብርህ ቀን ያልመጣልኝ እንባ እዚያ የማላውቃት ሴት ባንኮኒ ላይ ፈሰሰ። ነኢማ የሆነውን ሁሉ በቋንቋቸው ስትነግራት አሮጊቷ እጄን ሳትለቅ አዳመጠች። ከሱ ስድስት በወረቀት ጠቅልላ፣ አንድ ትርፍ ጨምራ ሰጠችኝ። ለቪቶም ከዚያው ስስ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ገዛሁለት። ከሚላን ያመጣሁት በሙሉ አንድ እጅ የሚሞላ ነው። የሚያምር ነገር ትንሽ ነው ብለህ የለ?

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁልፉን ካፖርቱ ላይ አስቀመጥሁት። ክንዴ አልዋሸኝም።

ቪቶ ጠመኔውን አሽትቶ "ሚላን እንዲህ ነው የምትሸተው?" አለና ኪሱ ከተተው። ጨርሰው፣ ግን ካፖርቱ ከቤቴ አይወጣም ስላልሁት እሑድ እሑድ እየመጣ በአንተ ማሽን ሰፋው። ነጩን ክር ሲነቅል ማየት አልቻልሁም፤ ኩሽና ገብቼ ምንም የሌለበትን ድስት አጠብሁ። ገበሩን ሊዘጋ ሲል ግን ወጥቼ "አንዷን መስመር አትንቀላት፤ በደረቱ በኩል ያለችውን፣ ከገበሩ ሥር" አልሁት። "ሲኞራ! ሰዒድ ቢያይ ይገድለኛል። ይሄ የተለማማጅ ሥራ ነው" አለኝ። "አንተ ስፌትህን ታውቃለህ፣ እኔ ባሌን አውቃለሁ" አልሁት። ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በላይዋ ዘጋባት።

ቁልፎቹን እኔው ራሴ ተከልኋቸው፤ ሃያት አንገቷ ላይ ያችን ሻሽ ጠምጥማ ከጎኔ ተቀምጣለች። አዎን፣ ታደርጋታለች፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር! "ክሩ ምን ቀለም ይሁን?" ስትለኝ ተልባ አልኋት። ተልባን በረመዷን ተበጥብጦ ስትጠጣው እንጂ ፍሬውን አስተውላው አታውቅም። ተነሥቼ ከተረፈው አንድ እፍኝ አመስሁ፤ እየተንጣጣ ቤቱን ሲያውደው አንዷን ፍሬ በጣቷ አንሥታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ፍሬዋ ጠፋች፣ ከጨርቁ መለየት አልተቻለም።  ከዚያ በአማርኛ፣ ሰዒዴ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ለካ ብራውን አይደለም" አለችኝ። እጅጌዋንም ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን ከጨርቁ አጠገብ አኖረችው።

እንግዲህ ዛሬ ለብሼው ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ ብርዱ ቢመጣም አልዘለቀኝም። አንዲት ሴት የት ገዛሽው አለችኝ፤ "ባሌ ነው የሰፋው" አልኋት፤ ሞቷል አላልሁም። በደረቴ በኩል ከገበሩ ሥር ያለችውን መስመር ማንም አያያትም። እኔ ግን እጄን ሳስገባ አገኛታለሁ። እዚህ ጋ ቸኩሏል፣ እዚህ ጋ ክሩ ተበጥሶበታል እላለሁ። ካፖርቱ አርጅቶ ገበሩ ቢቀየር እንኳ ያችን ክር አላስነቅልም፤ ለሃያትም ነግሬያታለሁ። ትርፏን ቁልፍ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ካፖርቱን ዳግመኛ ቤት ትቼው አልሄድም።

ያንተው ዘሃራ