አንቺ ጋ መጥቼ አልወልድም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም መድኃኒቱን ደብቆ "ውጬዋለሁ" ይልሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ላንቺ መዋሸት ግን አልሆንልኝ አለ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አልትራሳውንድ ማለት ለኛ ወንድ ይሁን ሴት ማወቂያ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ አብሮኝ ሄደ። ሾፌር አይደል፣ ወሬ አያልቅበትም። መሣሪያውን የያዘችው ነርስ "ሴት ናት" ስትለን፣ "አፍንጫዋ የኔን ከመሰለ ካሁኑ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" ብሎ አሳቃት። ከዚያ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አንድ ቦታ አቁማ ምስሉን ደጋግማ አየች። ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ባለቤቴ አሁንም ያወራል፤ እጁን ያዝኩት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁን መብራት ላይ ዘርግቼ እንከን ስፈልግ ነው የምውለው። እንከን ያገኘ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

የልጅቷ ልብ ግራ ጎኑ አላደገም አለን። ሆዴ ውስጥ እስካለች ድረስ ምንም አትሆንም፤ በእኔ ትንፋሽ ትኖራለች። ጭንቁ እትብቷ ሲቆረጥ ነው። ወዲያው የልብ ቀዶ ሐኪሞች እጅ ካልገባች አትተርፍም፤ ብትገባም እርግጠኛ ሆኜ የምነግራችሁ ነገር የለም አለ። ባለቤቴ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ያን ኮት እንደለበሰ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔ ቤት እስክንገባ ድረስ አላለቀስኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማቆሚያ አጣሁለት።

እማዬ፣ የመጀመሪያ ልጄን አንቺ ቤት እወልዳለሁ ያልኩት ቀረ። እዚያ ለልብ የሚሆን ሐኪም የለም። ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ እንደምትጠብቂኝ እህቴ ነግራኛለች። አባዬን ጥለሽ መምጣት እንደማትችዪም አውቃለሁ፤ አልቀየምሽም። ግን እናቴን እፈልጋለሁ።

ልጅቷ ደግሞ እንዴት ያለች ረባሽ መሰለችሽ! የፋብሪካው ማሽን ሲነሳ ትራገጣለች፣ ሲቆም ጸጥ። ጓደኞቼ "ይቺ አለቃ ናት የምትሆነው" ይሉኛል። ለነሱ አልነገርኳቸውም፤ አብሬያቸው እስቃለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ነገሩን ቀስ ብለሽ ንገሪው። እህቴን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ቀበጡን ወንድሜን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ባለሱቋን ሰላም በያት፤ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ደህና ናት በያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። "ስም የማወጣላት መልኳን አይቼ ነው" ብለሽኝ ነበር። እማዬ፣ እሱን አትጠብቂ። አሁኑኑ አውጪላት። ልጄ አብራኝ ሳለች በስሟ ልጥራት።

ልጅሽ

ከኪራይ ቤታችን፣ እሑድ ጥር 12 ቀን