በጎቹ ደኅና ናቸው

ለምግብ ማሟያ፣ ለመዋቢያና ለእንስሳት መኖ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ በተለይም ከልጆችዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና የእንቅልፍዎን ሰላም እመኛለሁ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ እናት ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛልና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ገና ሳይናገር የያዝኩትን ልብስ ጥዬ ነጠላዬን አነሣሁ። ሆስፒታል ስደርስ ልጄን ሸፍነዋታል። ገልጬ ስስማት አፏ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ልጄ ነጭ ሽንኩርት በአፏ አይዞርም፤ ተሳስተው የሌላ ሰው ልጅ ነው ያሳዩኝ ብዬ፣ ፊቷን እያየሁ እንኳ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ሽታው የዱቄቱ መሆኑን የነገረኝ ሐኪሙ ነው።

ዱቄቱን እርስዎ ያውቁታል፤ ፈቃዱ ላይ ፊርማዎ አለ። ሰሊኒየም ይሉታል። ልጄ በምትሠራበት ፋብሪካ በአንዱ ክፍል ለጸጉር የሚዋጥ ክኒን ይሆናል፣ በሁለተኛው የፊት ቅባት ውስጥ ይገባል፣ በሦስተኛው ከበግ መኖ ጋር ይቀላቀላል። እሷ የመኖ ክፍል መዛኝ ነበረች፤ እጇ አይስትምና ባልደረቦቿ "ሚዛን" ይሏት ነበር።

እኔ ከሕመም ተነሥቼ ጸጉሬ ይረግፍ ነበር። እሷ የክኒኑን ጠርሙስና የበርሜሉን ስም አስተያይታ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ጠየቀችው። እሱም ስሙ አንድ ከሆነ ያው ነዋ እኅቴ፣ ጠርሙሱ ለመልክ ነው ብሎ አሳቃት። ያን ጠዋት ስትወጣ፣ እማዬ ማታ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን እኔ ልቅመሰው አለችኝ። እኔም እንደ ንግሥት ቀማሽ አገኘሁ ብዬ ሳቅሁ። በሻይ ሰዓት አንድ ማንኪያ በውኃ በጥብጣ ጠጣች። አትቅመሺ አላልኳትም። ይህንን ጥፋት ለእርስዎ አልሰጥም፤ የራሴ ነው፣ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

እንግዲህ ከቀብሩ በኋላ ላስገባሁት አቤቱታ ለላኩልኝ መልስ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መልስዎ የጀመረው "በእንስሳት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" በሚል የምሥራች ነው። ልጄ ከወደቀች በኋላ በርሜሉ ስለታሸገ በጎቹ ተርፈዋል። እንኳን ደስ አለዎ።

ሁለተኛ፣ "ሟች ምርቱ የታለመላት ተጠቃሚ አይደለችም" ብለው አስረድተውኛል። እውነትዎን ነው፤ እሷን ያሰበ አልነበረም። ልጄ ስትመዝን የኖረችው ከኖራ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የሳሳውን ነው። ያን ሳምንት የመጣው ግን ምንም ያልተደባለቀበት ነበር። በርሜሉ ያው፣ ንጣቱ ያው፣ ስሙ ያው። ልዩነቱ በባዕድ ቋንቋ፣ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል ተጽፏል። ለበግ እንዳይበዛበት ግን የበግ ሥዕል ተሥሎ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ማንበብ ለማይችለው በግ ይህን ያህል ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቢሮዎችዎ ትሕትና። የክኒን ክፍሉ ጉዳዩ የመኖ ነው ብሎ ሰደደኝ፤ የመኖ ክፍሉ የሞተችው ሰው ናት ብሎ ወደ ክኒን መለሰኝ። የመዋቢያ ክፍሏ ልጅ ብቻ፣ እናቴ አረፍ ይበሉ ብላ ወንበር ሰጠችኝ፤ አብራኝም አለቀሰች። እባክዎ ስለዚህ አይቅጧት።

አራተኛው አንድ ቃል ነው። መልስዎ የሚያበቃው "በራሷ ግድየለሽነት" ብሎ ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከአሟሟቱ አጻጻፉ ብያለሁ። ክቡርነትዎ፣ ልጄ ግድ የሌላት ብትሆን ኖሮ ለእኔ ሰጥታ እሷ ታይ ነበር። ክፉ ነገር ካለው እናቴን እንዳያገኝ ብላ ነው የቀደመችኝ። ካሣ አልጠየቅሁም። ያቺን ቃል ይሰርዙልኝ፤ በርሜሉም ላይ መዛኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ "አይቀመስም" ብለው ያስጽፉ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

የጊዜዎን ውድነት ጠንቅቃ የምታውቅ፣ በሰላም ውለው ልጆችዎን በሰላም እንዲያገኙ የምትመኝ፣

ምርቱ ያልታለመላት ልጅ እናት

ማስታወሻ፦ ለመዝገብዎ የሚጠቅም እንደሆነ፣ ጸጉሬ ተመልሶ በቅሏል፤ ያለ ክኒን፣ ያለ ዱቄት፣ በራሱ ጊዜ። ለበጎቹም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ግን፣ እባካችሁ ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። መልሱ ላይ "ሟች" እንጂ ሌላ ስም የላትም። እናንተ "ሚዛን" በሏት፤ ፈጣሪ የትኛዋ እንደሆነች አይጠፋውም።